ጋሼ መሀልና የአዳራሹ ቁልፍ

አማቴን ሰው ሁሉ ጋሼ መሀል ነው የሚላቸው። የተወለዱት ከደሴታችን ወደ ጎረቤት አገር በሚያመላልሰው ጀልባ ላይ፣ ልክ ባሕሩ መሀል ነው። ቅኝ ገዢዎቻችን «የእኛ አይደለም» አሉ፤ ጎረቤቶቻችንም እንደዚያው። መታወቂያ ሲለምኑ ጸጉራቸው ሸበተ።

ገዢዎቹ ደሴቲቱን ለጎረቤት መንግሥት ለማስረከብ ድርድር ሲቀመጡ ግን ይኸው መዘዝ ሹመት ሆነላቸው። ተደራዳሪዎቹ የአዳራሹን በር «የእኔ ሰው ይክፈት፣ የለም የእኔ» ተባብለው ሲሰለቻቸው የማንም ያልሆነ ሰው ፈለጉ። ቁልፉ ለጋሼ መሀል ተሰጠ። የሁለቱ ወገን አለቆች እኩል በእሺታ ራሳቸውን ካልነቀነቁ በሩ አይከፈትም።

የሰርጋችን ዕለት ተደራዳሪዎቹ «እስከ ምሳ እንጨርሳለን» አሉ። ሊወጡ ሲነሱ ጣጣ መጣ፤ በሩ ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። የገዢዎቹ አለቃ ቀድሞ ከወጣ ደሴቲቱን ጥሎ ሄደ ሊባል ነው። የተረካቢዎቹ አለቃ ከቀደመ ደግሞ ጥያቄውን ተወ ይባላል። ተመልሰው ተቀመጡ። ጋሼም ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው ቁልፋቸውን እንደጨበጡ እዚያው ውስጥ ቀሩ።

ሙሽራዬ «አባቴ ሳይፈርም አላገባም!» ብላ ድርቅ አለች። እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈራሁ። የማዘጋጃ ቤቱን ጸሐፊ ጎትተን አዳራሹ መስኮት ስር ቆምን።

«አባዬ፣ ና ውጣ እንጂ!»

«አልነቀነቁም እኮ ልጄ። በሩን ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

«እንግዲያው እኛ እንገባለን!»

ስምምነቱ ስለ መስኮት ምንም አይልም። ቀሚሷን ሰብስባ ዘለለች፤ እኔም ተከተልኩ፤ ጸሐፊው እየተነጫነጨ ገባ። ሁለቱ አለቆች ሥራ ፈተው ስለነበር ምስክር ለመሆን ደስ አላቸው። ጸሐፊው ጽፎ ጽፎ «የሙሽሪት አባት ዜግነት?» አለ።

«የእኛ ናቸው፣ ጻፍ» አለ የገዢዎቹ አለቃ።

«ምን ሲደረግ! የእኛ ናቸው!» ሌላው ጠረጴዛውን ደበደበው።

ጋሼ መሀል እንባቸው መጣ። ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን ሰው ሁለት መንግሥት ተሻማባቸው።

«ባዶ ተወው» አሉ ጸሐፊውን። «ስለምናቸው የት ነበሩ?»

ፈረሙልን። ከዚያ የልጃቸውን ክንድ ይዘው በሩን ከፈቱት።

«ማን ፈቀደልዎ?» ብለው ሁለቱ አለቆች እኩል ጮኹ፤ ድርድሩ ከተጀመረ ወዲህ አንድ ነገር ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው።

«የማን ሆኜ ነው ፈቃድ የምጠይቀው?» አሉ ጋሼ፤ ቁልፉን በሩ ላይ ተዉላቸውና ወጣን።