የቁልፍ ቀዳዳ ሰፊዋ ያልመለሰቻቸው ጥያቄዎች

ሴትዮዋ አሥራ አንድ ዓመት የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ሰፍታለች። ኮሌታ አይደለም፣ ኪስም አይደለም፤ ቀዳዳ ብቻ። የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ እጅጌ፣ አንዱ ኪስ፣ እሷ ቀዳዳ። «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሏት «ባዶ ቦታ» ትል ነበር፣ ቀልድ በነበራት ጊዜ።

ባሏ ከሞተ አምስት ወሩ ነው። በቀብሩ ዕለት አላለቀሰችም። ለቀስተኛው መጀመሪያ «ጠንካራ ናት» አለ። በሳምንቱ «ደንግጣ ነው» አለ። በወሩ «ድሮስ ትወደው ነበር እንዴ?» ማለት ጀመረ። የሰው አፍ መቼም ሥራ ፈትቶ አያድርም። እሷ ግን ዝም አይነቅዝም ብላ ቀዳዳዋን ትሰፋለች። ረሃቡም፣ ንዴቱም፣ እንቅልፉም ከጎረቤት ግድግዳ ወዲያ እንደሚሰማ ወሬ ሆነውባታል፤ መኖሩን አሉ፣ የእሷ ግን አይደሉም።

ነገሩ የፈነዳው በሸሚዝ ነው። አንድ ሰኞ ሠላሳ ሁለት ሸሚዝ በግራም በቀኝም ቀዳዳ ሰፍታ አስረከበች። ቁልፍ የሚተከልበት ቦታ ጠፋ። አለቃው አንዱን አንሥቶ በቀዳዳው አጮልቆ አያትና፣ «እህቴ፣ ይኼ በምን ሊዘጋ ነው? በጸሎት?» አላት። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። የሚያስቅ መሆኑ ገብቷት እሷም አፏን ከፈተች። ሳቁ አልወጣም።

ወሬው የባሏ ወንድም ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። «ጭንቅላቷ ልክ አይደለም» አለ። «ሐኪም ደኅና ናት ብሎ ይጻፍላት። ካልጻፈ ልጅቷን እኔ ወስጄ አሳድጋለሁ።» ልጅቷ ሚጣ ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው።

ሐኪም ቤት ይዛት የሄደችው የባሏ እህት ናት፣ ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚላት። ክፉ አይደለችም፤ ዝም ማለት ብቻ አልፈጠረባትም። ተራ ሲጠብቁ ከጎኗ የተቀመጡትን ሰውዬ የሪህ ታሪክ ከእነ መድኃኒቱ ጨርሳ ሰማች።

የአእምሮ ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ሬዲዮን ውጭ አስቀምጣ መጠይቋን ዘረጋች።

«የባለቤትዎ ስም ማን ነበር?»

ሴትዮዋ ጉልበቷን አየች። «የልጄ አባት።»

«እሱማ ነው። ስሙን ነው የምጠይቅዎት።»

ዝም።

«እሺ፣ የአማትዎስ ስም?»

ዝም።

«የልጅዎ?»

«ሚጣ።»

«የመዝገብ ስሟን፤ ትምህርት ቤት የምትጠራበትን።»

ሐኪሟ ጻፈች። ሴትዮዋ ብዕሩ ሲሮጥ አየች፤ ብዕሩ ሚጣን ይዞ እየሮጠ መሆኑም ገባት። አፏ ግን እንደተሰፋ ነው።

ሬዲዮ ተጠርታ ገባች።

«የባሏን ስም መርሳት የጀመረችው መቼ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«ኧረ ዶክተር፣ እኔ እሷን ካወቅኳት አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን ጠርታው አታውቅም!»

ሐኪሟ ቀና አለች። «አሥራ አራት ዓመት?»

«እንዲያውም ከዚያ በፊትም ቢሆን።»

ብዕሩ ባሰበት። «የልጇንስ ስም?»

«እሱንማ ጭራሽ! የእናቴን ስም? በምን አፏ?»

ብዕሩ ቆመ። «የእናትዎን ስም?»

«ልጅቷ በእናቴ ስም አይደል የወጣላት! እኛ ቤት ምራት የባሏንም የአማቷንም ስም አትጠራም። ነውር ነው፣ ዶክተር! ቤት ሲቃጠል እንኳ ‹የሚጣ አባት፣ ውጣ!› ነው የምትለው። ምነው፣ እናንተ ቤት ትጠራለች እንዴ?»

ሐኪሟ አንገቷ ድረስ ቀላች። ከጻፈችው ላይ «የማስታወስ ችሎታ፦ ተጎድቷል» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰረዘችው። ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ፣ ከሃያ ላይ ሰባት ሲቀነስ ምን እንደሚቀር ጠየቀቻት፤ ሁሉንም መለሰች። ሐኪሟ ከማፈሯ ብዛት ወረቀቱን ለመጨረስ ቸኮለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። የባህል ነገር ነው እንጂ እርስዎ ደኅና ነዎት። ሸሚዙም ሐዘን ነው። ሰው ያዝናል።»

«አላልኩም እንዴ!» አለች ሬዲዮ። ቦርሳዋን አንግታ ተነሣች። «ነይ በይ፣ ለዚያ ወንድሜ ወረቀቱን አፍንጫው ላይ ነው የምለጥፍለት።»

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። እጅ ዘርግቶ ማንሣት ብቻ ነበር የቀረው፤ ከዚያ ሚጣ የእሷ ናት። ሴትዮዋ አልተነሣችም።

«ዶክተር» አለች። ድምፅዋ ሸሚዝ የምትቆጥር ይመስላል። «ባለፈው ሳምንት ሚጣ ከደረጃ ወደቀች። ግንባሯ ተፈነከተ። እየጮኸች ስትጠራኝ ቆሜ አያታለሁ። ደሙ ወለሉ ላይ ወረደ። ወለሉ ቆሸሸ አልኩ በልቤ። መጀመሪያ ወለሉን ጠረግኩ።»

ሬዲዮ ተመልሳ ተቀመጠች። አፏ ተከፍቶ ቃል አልወጣበትም፤ ሰፈሩ ቢያይ ኖሮ አያምንም ነበር።

ሐኪሟ የጻፈችውን ወረቀት ቀስ ብላ አጠፈችው። «ልጄን ይወስዱብኛል ብለው እየፈሩ ነው የነገሩኝ?»

«መፍራት ነበረብኝ» አለች ሴትዮዋ። «ፍርሃቱም አልመጣ አለኝ። ለዚያ ነው የነገርኩዎት።»

«ይኼ ሕመም ነው፤ ይታከማል። ልጅ የሚያስነጥቅም አይደለም፤ እንዲያ ብዬ ነው የምጽፈው። ግን ለጊዜው አብሯችሁ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል።»

«እኔ የት ሄጄ!» አለች ሬዲዮ፣ አፏ ሲመለስላት። «ፍራሼን ይዤ ዛሬውኑ እገባለሁ። ወንድሜ ከፈለገ መጥቶ ከእኔ ጋር ይነጋገር፤ ሲደክመው ይሄዳል።» ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «አንቺ ግን፣ ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?»

«ለአንቺ?» አለች ሴትዮዋ።

ሐኪሟ ፈገግታዋን ለመደበቅ አጎነበሰች። ደስ ሊላት የሚገባ ሰዓት መሆኑ ለሴትዮዋ ገባት። ጠበቀችው፤ አልመጣም። ሐኪሟ ንጹሕ ወረቀት አወጣች፤ መጠይቁን ወደ መሳቢያ ከተተችው።

«ወለሉን ከጠረጉ በኋላ ምን አደረጉ?»

«ጨርቁን አጠብኩ» አለች። ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «ከዚያ ሚጣን።»