ዱዓ ሳይደረግላት የሄደችው ልጅ

በእኛ ቤት መንገድ የሚወጣ ሰው ዱዓ ሳይደረግለት አይሄድም። እዚህ ቅርብ ሰርቦ ድረስ ለመሄድም ቢሆን እጃችንን ዘርግተን "አሚን" ሳንል ቦርሳ አይነሳም። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ካለው ግቢያችን አንዷን ክፍል የተከራየችው የኮሌጅ ተማሪም ሃይማኖቷ ሌላ ቢሆንም ይህን ለምዳ ነበር። ለፈተና ስትወጣ ሁሉ "አባባ፣ ይመርቁኝ" ትላለች። ልጆቻችን ርቀው ስለሚኖሩ እኛም እንደ ልጅ ነበር የያዝናት።

በዘንድሮው የቡና ለቀማ እኔና ባለቤቴ ሰርቦ ቡና ስናሰጣ ውለን ስንመለስ የልጅቷ በር ተቆልፏል። ብደውል ስልኳ አይሠራም። የእኔ ስልክ ላይ ግን እሷ በእንግሊዝ ፊደል የጻፈችው አጭር መልእክት አለ። እኔ እንኳን እሱን፣ አማርኛውንም የማነበው እየተንተባተብኩ ነው።

"አስቀይመናት ነው የሄደችው" አለች ባለቤቴ። "አንተ ደግሞ ሬዲዮህን ታስጮኸዋለህ።"

"አንቺስ ብዪ ብዪ እያልሽ መች አስቀመጥሻት?"

ሻዩን እንኳ ሳንጠጣ ጎረቤታችን ወዳለችው የእንግሊዝኛ መምህርት ሄድን። መልእክቱን አየችና ሳቀች።

"'ጋታ ጎ' ነው የሚለው አባባ። መሄድ ግድ ሆነብኝ ማለት ነው።"

"ተቀይሜ ሄድኩ አይልም?"

"ኧረ አይልም! ድሮ ሙሉው 'ሃቭ ጋት ቱ' ነበር። ሰዎቹ ሲቸኩሉ የፊተኛውን ዋጡት፣ የቀሩትን አጣበቁና 'ጋታ' አሉት። ለትልቅ ሰው አይጻፍም እንጂ በጓደኛሞች መሃል ክፋት የለውም።"

እኛም መንገድ ላይ በኦሮምኛ "አካም ቡልቴ"፣ እንዴት አደርክ ማለቱን ትተን "አካም" ብለን እንተላለፍ የለ? ከደረቴ ላይ አንድ ኩንታል ቡና የወረደልኝ መሰለኝ። ባለቤቴ ግን "ምን ግድ መጣባት?" ብላ ገና አልተቀመጠችም።

እዚያው ሳለን ስልኩ ጮኸ፤ ልጅቷ ናት።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለጓደኞቼ የላክሁትን ነው ለእርስዎም የላክሁት። እህቴ ምጥ ጠናባት ብለውኝ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነበር። አሁን ደወሉልኝ፣ በሰላም ወልዳለች!"

"አልሐምዱሊላህ!"

"ዱዓዬን ግን ሳላገኝ ወጣሁ።"

እጄን ልዘረጋ ስልኩ አስቸገረኝ። ባለቤቴ ተቀብላ አፌ ስር ያዘችልኝ። ሁለት እጄን ዘርግቼ ለመንገዷም ለአራሷም ለመንኩ። ከአውቶቡሱ ጫጫታ መሃል "አሚን" ስትል ሰማናት።

"ቶሎ ነይ" አለቻት ባለቤቴ። "ሬዲዮውን አስቀንሼልሻለሁ።"