ከባዶው ፈሳሽ የወጣ ጉብታ

ግሌኒስ ትራስክ ሰው አታምንም። አውስትራሊያ፣ ዎሎንጎንግ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ ሌላ ሰው ያጠበውን ዕቃ እንደገና ሳታጥብ ተጠቅማ አታውቅም። በሩ አጠገብ አንዲት ሳህን አስቀምጣለች፤ ቀለበትና ሰዓት ያደረገ ሁሉ እዚያች ላይ ሳያወልቅ አያልፍም።

ሥራዋ ሳይክሊክ ቮልታሜትሪ ነው። ኤሌክትሮዶች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ዘንጎች፣ ፈሳሽ ውስጥ ይነከሩና የኤሌክትሪኩ ግፊት ቀስ እያለ ይወጣል፣ መልሶ ይወርዳል። ፈሳሹ ውስጥ ያለ ነገር ኤሌክትሮን ሲሰጥ ወይም ሲቀበል ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ጉብ ይላል። ከሙከራው በፊት ኤሌክትሮዱ በእርጥብ ጨርቅና በነጭ ዱቄት ይወለወላል፤ እጅ ስምንት ቁጥር እየሠራ። ይህን ግሌኒስ ለማንም አትሰጥም። የጨርቋ ሳጥን ላይ «የግሌኒስ ነው፤ እጅህን ሰብስብ» የሚል ጽፋለች።

ዶክተር ኢዋን ላሞንት አዲስ የሠራው ቁስ ጉብታ ባሳየ ጊዜ ጮቤ ረግጦ ነበር። ስለ ቁሱ የጻፈው ጥናት ዓርብ ለሳይንስ መጽሔት ይላካል፤ የቀጣይ ሁለት ዓመት ቅጥሩም በእሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ልኬቱ ትክክል ነው ብላ የምትፈርመው ግን ግሌኒስ ናት፤ ጉብታው ደግሞ አልዋጥላት ብሏል። ከመጠን በላይ ያማረ ሆኖባታል። «ይሄ ልጅ አንድ ነገር ሳያጭበረብር አልቀረም» አለች በልቧ።

ማክሰኞ ጠዋት እሱ ሳይገባ መዝገቡን አገላበጠች፤ አገኘችም። ቁሱ ሳይጨመር የሚለካው ባዶ ሙከራ ከፋሲካ በፊት የተሠራ ነው። ኢዋን ስድስት ወር ሙሉ በዚያው በአሮጌው ሲያወዳድር ከርሟል። ደሟ ፈላ።

«አንተ! ባዶውን ለምንድነው ያላደስከው?» ብላ በር ላይ ተቀበለችው።

«ደህና አደርሽ ግሌኒስ። ባዶ እኮ ባዶ ነው፤ ምኑ ያረጃል?»

«ቦርሳህን አስቀምጥና ና።»

ወለወለች፤ ቁሱ የሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ነከረች። ጉብታው እዚያው የተለመደ ቦታው ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። የኢዋን ፊት አመድ መሰለ። ግሌኒስ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷም ትንሽ አሳፈራት።

«ብርጭቆ በደንብ አታጥብም ብዬህ አልነበር?»

ብርጭቆው በአሲድ ታጠበ፤ ጉብታው አልጠፋም። ውሃው ተቀየረ፣ ጨው ከአዲስ ጠርሙስ ተወሰደ፤ አሁንም አለ። እስከ ምሳ ሰዓት ግሌኒስ የጽዳት ሠራተኛውን ሳይቀር ጠርጥራ ጨረሰች።

«እስቲ አንዴ እኔ ልወልውለው» አለ ኢዋን።

«በኔ ጨርቅ? አታስበው!»

«ግዴለም፣ የራሴ አዲስ ጨርቅና ዱቄት አለኝ።»

እሱ ሲወለውለው መስመሩ ለጥ አለ። ቀማችውና በራሷ ጨርቅ ወለወለች። ጉብታው ተመለሰ።

«ዱቄትሽ ይሆናላ። ፋብሪካው ነው የበላን» አለና ወደ መደርደሪያው ዞረ።

ግሌኒስ ጨርቋን አነሳች። ጨርቁን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፤ ነጩ ዳር ላይ አረንጓዴ ነገር አለ። ከዚያ እጇን አየች። እጅጌዋ ሥር፣ ከጓንቷ ከፍ ብሎ፣ እህቷ ለቁርጥማት ይበጃል ብላ የሰጠቻት የመዳብ አምባር አለ። ስምንት ቁጥር በሠራች ቁጥር እርጥቡን ጨርቅ ሲፈትግ ኖሯል፤ ጉብታውን ያወጣው ከጨርቁ ወደ ኤሌክትሮዱ የተሻገረው መዳብ ነው። ኢዋን ጀርባውን ሰጥቷታል። እጅጌዋን ትንሽ ወደ ታች ብትስብ ጥፋቱ የፋብሪካው ሆኖ ይቀር ነበር፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ስሟም አይነካም። ፈራች፤ ከልቧ ፈራች።

«ኢዋን፣ ጉብታው መጀመሪያ የታየህ መቼ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ በነበረው ማክሰኞ። እንዴት እረሳዋለሁ?»

«ይሄን ደግሞ እህቴ የሰጠችኝ በፋሲካ ምሳ ላይ ነው» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

አምባሩን አየ፣ ጨርቁን አየ፤ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ዓርብ የሚላክ ነገር እንደሌለ ሁለቱም ገብቷቸዋል።

«የጋብቻ ቀለበቴን እኮ በየጠዋቱ ታስወልቂኛለሽ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ግሌኒስ አምባሩን አወለቀች። ወደ በሩ ሄዳ ሳህኗ ውስጥ ከቀለበቱ ጎን አስቀመጠችው።