የፉጨቱ ባለቤት

ሮም፣ ቴስታቾ ሰፈር ሲኒማ ቤት ትኬት የምትቆርጠው ኦርኔላ ሰውየውን ልብ ብላዋለች። አስቂኙ የካውቦይ ፊልም ከገባ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት ይመጣል። የኮቱ ክርን ተጥፏል፤ ከንፈሩን ቅባት ይቀባል። መጀመሪያ ላይ የፊልሙ ሠሪዎች ስም በስክሪኑ ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ ያነባል። ከዚያ ካውቦዩ ከበቅሎው ወድቆ አዳራሹ በሳቅ ሲናጥ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሙዚቃውን ብቻ ያዳምጣል።

ዛሬ ሲወጣ፣ «ፊልሙን ወደዱት መሰለኝ፣ ጌታዬ» አለችው።

«ያ በሙዚቃው ውስጥ የሚሰሙት ፉጨት የኔ ነው።»

«ታዲያ ስምዎ የቱ ጋ ነው?»

«የተጻፈው የታናሽ ወንድሜ ነው። ስቱዲዮ ወስጄ ከሰው ያስተዋወቅሁት እኔው ነኝ።»

«ነገም ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ። ስሙን አርመውት እንደሆነ ልይ።»

ኦርኔላ በየቀኑ የሚታየው ያው አንዱ የፊልሙ ቅጂ መሆኑን ሳትነግረው በሩን ከፈተችለት።