የሐፊሩ ዳክዬ

ዘንድሮም ዝናቡ እንደጀመረ፣ ገዳሪፍ ካለው ቤታችን ጓሮ ባለው ኩሬ ላይ ዳክዬዎች ወረዱ። ልጆቼ በደስታ ይጮኻሉ።

ልጅ ሳለሁ፣ በዚያ የረሃብ ዘመን፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ነበርን። ደርቆ የከረመው ሐፊር፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ፣ ውሃ ሲይዝ መጀመሪያ እንቁራሪቶቹ ተመለሱ፤ ቀጥሎ አንዲት ዳክዬ መጣች። ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም አያ ቢራራ፣ ድንጋይ ሳነሳባት አይቶ ተቆጣኝ።

«ተያት! ጣቱ በቆዳ የተያያዘ ወፍ ለክርስቲያን እርም ነው።»

ከዚያ ወዲያ የኔ ሆነች። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ስትዋኝ እመለከታት ነበር።

ወባ ጥሎኝ ሳለ አያ ትኩስ መረቅ ይዞልኝ ገባ።

«ዶሮ ነው፤ ጠጪ።»

«አንተስ?»

«እኔስ ጠግቤያለሁ።»

በዚያ ዘመን የጠገበ ሰው አልነበረም። ቢሆንም አመንኩትና ጠጣሁ።

ሲሻለኝ ሐፊሩ ዳር ብወርድ እሷ የለችም። ተመልሼ የምድጃውን አመድ ብጭረው፣ ጣቱ በቆዳ የተያያዘ እግር ወጣ።

«አያ፣ እርም ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«ነፍስሽ እንድትተርፍ ብዬ ነው» አለ።

የራሱን ነፍስ ግን እርም አላስነካም፤ ጣቱን እንኳ መረቁ ውስጥ አልነከረም።

«እማዬ፣ ዳክዬ ይበላል እንዴ?» ይለኛል ትንሹ ልጄ።

ጣዕሙ ዶሮ ዶሮ እንደሚል አልነግረውም።