ፊዚክስን በቃሉ የያዘው ሠርክአዲስ

በ1998 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ ሠርክአዲስ የፊዚክስ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞት ነበር። እንግሊዝኛውን ሳይቀር እንደ ግእዝ ያንበለብለዋል። ማን ይፈርድበታል? ልጅነቱን የጨረሰው ሐይቅ እስጢፋኖስ ዳዊት ሲደግም ነው። እዚያ ትምህርት ማለት ከየኔታ አፍ የሰሙትን አንዲት ፊደል ሳያዛንፉ መመለስ ነው። ቅኔ ቢማር ኖሮ አዲስ ነገር ከራሱ ማፍለቅንም በለመደ፤ እሱ ግን ቅኔ ቤት ሳይገባ ጥሎ ወጣ።

የወጣው ነርስ ልሁን ብሎ ነው። አምና ፊዚክስ ጣለው። ዘንድሮ ካለፈ ደሴ ሄዶ ነርሲንግ ይማራል፤ ከወደቀ ግን ውጫሌ ተመልሶ እርሻ እንዲይዝ አባቱ ቁርጡን ነግረውታል። ምስኪኑ ሠርክአዲስ ደግሞ በሬ መጥመድ እንኳ አይችልም።

አብሮት በማታው ክፍል የሚማረው ሙዘይን ዓሣ ነጋዴ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝለት ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ያጠናሉ። ሙዘይን መጀመሪያ ሥዕል ይሥላል፤ ከዚያ ቁጥሮቹን እየለዋወጠ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይሠራል። ይሄ ነገር ሠርክአዲስን ያበሽቀዋል።

«ከሃያ ሜትር የወደቀ ድንጋይ በሁለት ሰከንድ መሬት ይደርሳል» አለ ሠርክአዲስ አንድ ቀን።

«እሺ መሪጌታ፣ ከአምስት ሜትር ቢወድቅስ?»

«አምስት የለም። መጽሐፉ የሚለው ሃያ ነው።»

«ወላሂ፣ ድንጋዩ መጽሐፍ አላነበበም» አለና ሙዘይን ሳቀ።

ሠርክአዲስ አልሳቀም። ሰው እንዴት የተጻፈ ነገር ይለውጣል? እስኪመሽ ሲያብሰለስለው ዋለ።

የፈተናው ዕለት ወረቀቱን ሲገልጥ ድንጋዩን አገኘውና ደስ አለው። አስተውሎ ሲያየው ግን ከፍታው አርባ አምስት ሜትር ነው። ለፈተና አውጪዎቹ አዘነላቸው፤ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ እዚህ ጋ ቁጥሩ ተሳስቷል። ሃያ ነው መሆን ያለበት።»

ፈታኙ ወረቀቱን አየት አድርገው «ምንም ስህተት የለውም፤ ሥራህን ሥራ» አሉት።

ቀጣዩም ተለውጧል። የሚከተለውም። ሁሉንም የሚያውቃቸው ይመስለዋል፤ አንዱንም ግን አያውቀውም። ጨንቆት ወደ ድንጋዩ ተመለሰና እንደ ሙዘይን ገደል ሣለ፤ ቀመሩን ጻፈ፤ አርባ አምስትን አስገባ። ሦስት ወጣ። ከምርጫዎቹ መካከል ሦስት አለ፤ ሁለትም አለ። ሠርክአዲስ ግራ ገባው። ሁለትን መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ሦስትን ከእሱ በቀር ማንም አላየውም። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰዓቱ አለቀ፤ ሁለትን አጠቆረ።

ሙዘይን በሩ ላይ ይጠብቀው ነበር። «የድንጋዩ ሦስት ነው አይደል?» አለው።

የውጫሌው እርሻ ሠርክአዲስ ዓይን ላይ ድቅን አለ።

«ሦስት መጥቶልኝ ነበር እኮ» አለ። «ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።»