ሹራብ የምታወልቀው ሞግዚት

በዚያ የሙቀት ወር፣ የሕፃናት ማቆያዋ ሞግዚት የሽርጧ ኪስ በውኃ ኩባያ እንዳበጠ ነበር የምትውለው። ልጆቹን እየዞረች ማጅራታቸውን በእጇ ጀርባ ትዳብሳለች፤ የጋለውን ወደ ጥላ ትስባለች፣ የተኛውንም ቀስቅሳ ውኃ ታስጎነጫለች። የተዘጋ መስኮት አትወድም።

እናቶች ጠዋት ሲያስረክቧት፣ «አደራ፣ ንፋስ እንዳይመታብኝ፣ ሹራቡን እንዳታወልቂበት» ይሏታል። መቼም እናት ንፋስ ትፈራለች። «እሺ፣ የኔ እመቤት» ትልና እናትየዋ መታጠፊያውን ሳታልፍ ሹራቡን ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ማታ ሊወስዱት ሲመጡ መልሳ ታለብሰዋለች።

አንድ ቀን አንዷ እናት ሳትታሰብ በቀትር መጣች። ልጇ በካናቴራ ብቻ፣ ክፍት መስኮት ሥር ተኝቷል።

«አደራ ማለት እንዲህ ነው? ዛሬውኑ ነው የማስባርርሽ» አለቻት።

ሞግዚቷ የእናትየዋን እጅ ይዛ የልጁ ማጅራት ላይ አሳረፈችው። ሰሞኑን ማታ ማታ ቤት ሲገባ ላብ በላብ የሚሆነው ልጅ፣ አሁን ገላው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው።

«አንቺ ምን አለብሽ፣ አልወለድሽ» አለች እናትየዋ፣ እጇን ሳታነሣ።

«ወልጄ ነበር» አለች ሞግዚቷ። «እኔም ንፋስ ፈርቼ ሸፋፍኜ አስተኛሁት።»

እናትየዋ ሹራቡን ከሚስማሩ አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ልጇን ሳትቀሰቅስ ወጣች።